ጤነኛው ናሙና

አፉላ ላይ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ኋላ፣
ከሎተሪው ኪዮስክ አልፎ፣ በአሮጌው ደረጃ ጥላ፣
ሱቅ አለችኝ፤ ሁለት ሰው ከገባ መዞሪያ የሌላት፣
የተሰነጠቀ መስታወት፣ ያበጠ ባትሪ የሞላት።

ሐሙስ ዕለት፣ ከበረሃ የሚመጣው ሞቃት ነፋስ ሲያፍን፣
ወይዘሮ ስንዱ ገቡ፤ በዳቦ ፌስታል የጠቀለሉትን
ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።
«የአዛናው ነው።» ሌላ ቃል የለም።

ለልብ ቀዶ ጥገና በተኙበት ዋዜማ፣ ከአልጋቸው ጫፍ፣
ስልኩን ከውሃ ጠርሙስ አስደግፈው፣ ብቻቸውን፣
አቶ አዛናው ተናገሩ። ምን እንዳሉ የሰማ የለም።
ቀድሞ ባትሪው ሞተ፤
በማግስቱ እሳቸው።

ፋይሉ አለ። አራት መቶ ሜጋ ባይት ይመዝናል፤
ሲነኩት ግን ጥቁር ነው፤ «አይከፈትም» ይላል።
ልጆቹ ሀይፋ ወስደውት ነበር፤ ባለሙያው አገላብጦ
«ይቅርባችሁ» አላቸው፤ ለዚያውም ሃምሳ ሰቅል ተቀብሎ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ቪዲዮ ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፤
ስልኩ ግን ሳይጽፍ ጠፋ። ገጹ ሁሉ ውስጥ አለ፤
ቁጥር የለውም እንጂ። የቱ ፊት፣ የቱ ድምፅ፣
የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል የሚያውቅ የለም።»
«እሱስ መቼ» አሉ፣ «የጀመረውን ወግ ጨርሶ ያውቃል?»

ፕሮግራሙን ከፈትኩ። የሙከራ ቅጂው ግማሽ ፊት አሳይቶ ገንዘብ ይጠይቃል፤
እኔ ሙሉውን የገዛሁት በሰኔ ኪራይ ነው፤ አከራዬ እስካሁን ይደውላል።
አንዲት ሳጥን ብቅ አለች፣ ትእዛዝ ይዛ መጣ፦
«በዚያው ስልክ የተቀዳ ጤነኛ ቪዲዮ አምጣ።»
ወጌሻም እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ደህናውን እግር ይዳስሳል፣
አጥንት እንዴት እንደሚውል ለክቶ፣ ወደ ስብራቱ ይመለሳል።

ፈለግኩ። ሰውየው መቅዳት አይወዱም ነበር። ሠርግ የለም፣ ሲግድ የለም፣
የልጅ ልጅ የለም። አንድ ብቻ፦ ሃምሳ አንድ ሴኮንድ።
የሕንፃው ጣራ፣ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያው በርሜል፣ የዛገ ብሎን፣
ጠብ፣ ጠብ፣ እስከ በረንዳቸው።
ለቧንቧ ሠራተኛ ማስረጃ ይሆናል ብለው ነው። ሠራተኛው አልመጣም።

አጎረስኩት።
በመቶ አራት። በመቶ አሥራ ዘጠኝ።
ወይዘሮ ስንዱ በመስኮቱ አውቶቡስ ይቆጥራሉ፤
የናዝሬቱ ሄደ፣ የቤት ሸአኑ መጣ።
በመቶ ስልሳ ሁለት ላይ እንቢ አለ።

አቶ አዛናው ታዩ።
ግንባራቸው አረንጓዴ ካሬ፣ አንገታቸው ሐምራዊ፤
ከንፈራቸው ይቀድማል፣ ድምፃቸው ያነክሳል ከኋላ፦
«ስንዱ… የአርኖናው ግብር ደረሰኝ መሳቢያው ውስጥ ነው…
ለይርጋ ደግሞ ንገሪው…»
ካሬ። ካሬ። ዝምታ።
«ምን ልበለው?» አሉ፤ ለእኔ አይደለም።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ቅንብሩን ለወጥኩ፤ ከዚያች ቃል አልዘለለም።
«ተወው ልጄ። ያኛውን አሳየኝ፣ ያበደረውን።»

ፊት የለበትም። በነጩ ጣራ ላይ ረዥም ጥላ፣
ብሎን የሚያጠብቅ እጅ፣ ትንፋሽ፣ ከእርሻው በኩል የሩቅ ትራክተር።
ከዚያ ጥላው ያጎነብስና ወደ ደረጃው ይጮኻል፦
«ስንዱ! ውሃው ቆመ?»
እዚያ ላይ ያልቃል። መልሱ አልተቀዳም።

ወይዘሮ ስንዱ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ አሉ፣
ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አንድ ፎቅ ታች እንዳሉ፣
«አልቆመም!»
ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን እንደያዘ፣ በበሩ ብቅ ብሎ አየን።
እሳቸው በጣታቸው ስልኩን ነካ አደረጉት፤
ድገመው ማለታቸው ነው።